ስንዴ ላይ የተኙት አቶ ምንዳዬ

በብሎክ አርባ አንድ ሽንኩርት የሚቁላላው የግቢው ጄኔሬተር ጭሱን መትፋት ሲጀምር ነው። ቀደም ብሎ ያቁላላ ሰው ሽታው በኮሪደሩ ዞሮ ያሳጣዋል። ስለዚህ ትርሲት ድስቷን ጥዳ፣ መስኮቷን ዘግታ፣ በበሩ ስር እርጥብ ጨርቅ ጎስጉሳ የሞተሩን ድምፅ ትጠብቃለች። ድምፁ እንደ መጣ እጇ ይፈጥናል። ሞተሩ ሲጠፋ ወጡ ተሠርቶ፣ ተበልቶ፣ ድስቱ ታጥቦ፣ ቤቱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምንም ያልተበላበት መምሰል አለበት።

የሽምብራውን ገለባ ባሏ ገረመው በካልሲው ይዞ ይወጣና ወደ ሥራ ሲሄድ በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት ያራግፈዋል። እህል የሚያስገባውም እሱ ነው። ሊፍቱ ነዋሪውን በክብደቱ ስለሚያውቅ «እንደምን ዋሉ አቶ ገረመው፣ ዛሬ ሁለት ኪሎ ጨምረዋል» ብሎ ሰው ፊት ይናገራል። ገረመው ታዲያ ሊፍቱ ገና ሲተከል ከሸሚዙ ስር ኪሳም ሰደርያ ለብሶ ነው የተዋወቀው። ጠዋት በሰደርያው ውኃ ይዞ ይወርዳል፤ ሥራ ቦታ ሲደርስ ያፈሰዋል፤ አመሻሹ ላይ በውኃው ልክ ስንዴ ሞልቶ ይመለሳል። ሊፍቱ ሰውየውን እስከ ዛሬ ቦርጫም አድርጎ ነው የሚያውቀው። ሰደርያው ሲወልቅ ግን የገረመው የጎድን አጥንት ይቆጠራል።

ከሰው ጋር ሲሆኑ ደግሞ ይራባሉ። ይሄም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትርሲት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከንፈሯን በቁንጥር አመድ ታደርቃለች፤ ደረጃ ላይ ጎረቤት ስታገኝ እንደ ማዞር ይላትና ግድግዳ ትይዛለች። ጎረቤቶቿም ግድግዳ ይይዛሉ። «እንዴት ናችሁ?» ሲባባሉ «ይኸው፣ አለን እንበል» ተባብለው ይተላለፋሉ።

ይሄ ሁሉ መሰናዶ ለውድቀቱ፣ አገር ሁሉ ይራባል ለተባለበት ቀን ነው። ትርሲት ትምህርት ቤት ሳለች ውድቀቱ ከርሞ ይመጣል ተብሎ ነበር። ከርሞ ደረሰና ለሚቀጥለው ተባለ። ብር ስሙ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። የሱቁ ዋጋ ሰሌዳ ሰው ተሰልፎ ሳለ መለዋወጥ ጀመረ፤ ዘይት ሊገዛ የተሰለፈ ሰው ተራው ሲደርስ ክብሪት ይዞ ይመለሳል። ይሄ ግን ውድቀቱ አይደለም፣ ምልክቱ ነው ተባለ። በየቀበሌው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የመሰንበቻ ኮርስ ይሰጣል። ትርሲት ከአመድና ከሞራ ሳሙና ማፍላት፣ ቁስል መስፋት፣ ጥርስ መንቀል ተምራለች። በተለይ በጥርሱ ጎበዝ ናት፤ በበግ መንጋጋ ነው የተለማመደችው። ልጅ መውለድ «ይሄ ነገር ሲያልፍ» ተብሎ ተላለፈ። አሁን ስለሱ አይነጋገሩም።

የሚደብቁት ሕግ ፈርተው አይደለም። ሕጉማ «ቤተሰብዎን ያዘጋጁ» ነው የሚለው። የሚፈሩት ጎረቤት ነው። ብሎክ አሥራ ሰባት ውስጥ አንድ ቤተሰብ እህል እንዳለው ታወቀበትና በማግስቱ ሰው ሳፋና ሳህን ይዞ መጣ። በር የሰበረ የለም፤ ክፉ ቃል የተናገረም የለም። «ለልጆቼ ብቻ» አሉ፣ «ለዛሬ ብቻ» አሉ፣ እየመረቁም ሄዱ። ቤተሰቡ ዓይን ዓይኑን እያየ የሚለምነውን ጎረቤት እንዴት እምቢ ይበለው? ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ተጠርጎ አለቀ። እነሱም በተራቸው ሳህን ይዘው ሲወጡ የሚከፍትላቸው በር አጡ። ይህ ታሪክ በኮርሱ ላይ ይነገራል፤ ተማሪው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

የትርሲት አባት አቶ ምንዳዬ ግን ታሪኩን ሲሰሙ ይስቁ ነበር። «የሰጡትስ አጥፍተዋል እንበል፣ በር የዘጉባቸው ሰዎች ምን ሊባሉ ነው?» ይላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በጉልምስናቸው የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ተነስተው በየመንደሩ እየዞሩ የሟቹን ስም የሚጠሩት፣ ቀብሩ የት እንደሆነ የሚለፍፉት እሳቸው ነበሩ። ኋላ የየቤቱ ግድግዳ የሰፈሩን ወሬ መናገር ሲጀምር ሥራቸው ቀረ። «ግድግዳ መርዶ ሲናገር ሰው ምኑ ይደነግጣል?» እያሉ ይበሳጩ ነበር።

በዚህ ቤት ያላቸው ክፍል ጓዳው ነው። አልጋ የላቸውም። ወለሉ ላይ በጆንያ ስንዴ፣ ከስንዴው በላይ ሽምብራ ተደርድሯል፤ ቀዳዳ ቀዳዳው በላላ ስንዴ ተሞልቷል፤ በዚያ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶበት አንሶላ ተጎትቶ እስከ መሬት ወርዷል። ለሚያይ ሰው አልጋ ነው። «የጎተራ ክዳን አደረጋችሁኝ እኮ!» ይላሉ አቶ ምንዳዬ። ጭር ሲል ነቀዙ ስንዴውን ሲቆረጥም ይሰማቸዋል። ትርሲት በኮርስ እንደተማረችው አመድና የደረቀ ቃሪያ ነስንሳበታለች፤ ነቀዙ ኮርሱን አልተማረም መሰል ሥራውን አላቋረጠም።

«እኔ ስንቱን ጠርቻለሁ፣ ትርሴ» አሏት አንድ ቀን ጀርባቸውን ስታሻቸው። «እኔ ስሞት ሰው ይጠራልኝ። እሪ ብለሽ አልቅሰሽ ሰው ጥሪልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ምን አመጣው አሁን የሞት ወሬ?»

«እሺ በይኝ።»

«እሺ አባዬ» አለች።

ይሄንን እሺ ገረመው ከሳሎን ሰምቶታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቱ ባሳሉ ቁጥር ፊቱ ይለዋወጣል። ምክንያቱን ትርሲትም ታውቃለች። የእድሩ ድንኳን ጨርቁ ተቀዶ ለጆንያ ከዋለ ቆይቷል። አሁን ለቀስተኛ የሚቀመጠው ሬሳ በወጣበት ቤት ውስጥ ነው። መርዶው እንደ ተሰማ የእድሩ ወጣቶች ይመጡና ሶፋውን፣ ቁምሳጥኑን፣ አልጋውን፣ ያገኙትን ሁሉ እያነሱ ኮሪደር ላይ ያወጣሉ፤ አግዳሚ ወንበር ያስገባሉ። ሴቶቹ ማድቤቱን ይረከባሉ። ገናዦች ሬሳው ያለበት ክፍል ገብተው በራቸውን ይዘጋሉ። ባለቤቶቹ በሀዘን አንድ ጥግ ይቀመጣሉ፤ ቤቱ ለሦስት ቀን የእነሱ አይደለም። ይሄ ወግ ለሐዘንተኛ እረፍት እንዲሆን የወጣ ነው። ግን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እህል ደብቆ ለሚኖር ሰው ከፍተሻ አይለይም።

አቶ ምንዳዬ ሊታመሙ አስበው የታመሙ አይመስሉም። ሁለት ቀን አሳላቸው፣ በሦስተኛው ጠዋት ውኃ ጠየቁ። ትርሲት ጣሳውን ይዛ ስትመለስ ዓይናቸው ጣራው ላይ ቀርቷል። ጣሳውን መሬት አስቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ገና ሙቅ ነበር። ከደረቷ የመጣውን ጩኸት ልትለቀው ስትል ገረመው ከኋላዋ ደርሶ ሁለት ትከሻዋን ያዛት።

«አንዴ ብቻ ስሚኝ። ከዚያ ያሻሽን አድርጊ።»

«አባቴ ሞቷል፣ ገረመው!»

«አይቻለሁ። እግዜር ያውቃል ለእኔም አባቴ ነበሩ። አሁን ከጮኽሽ ግን ወጣቶቹ ቡና ፈልቶ ሳይወርድ እዚህ ናቸው። ይሄን አልጋ ማን ነው የሚያነሳው? ሲያነሳው ምን ይላል?»

«እህሉን እናሽሸው እንግዲህ።»

«ወዴት? በሊፍት? ኮሪደር ላይ?» ድምፁ ተሰባበረ። «ስንት ዓመት በልቤ ላይ ተሸክሜ ያስገባሁት ነው። ሰውነቴን አይተሽዋል። አንቺ ልጅ የምትወልጂበት፣ አባባ ራሳቸው እስከ ዛሬ የኖሩበት ነው። በአንድ ቀን ሳህን ይዘው መጥተው ይጨርሱት?»

«እና ምን ይሁን?»

ገረመው ትከሻዋን ለቀቀ። «ሰብሳቢዎቹን እንጥራ» አለ፣ ወደ መሬት እያየ።

ሰብሳቢዎቹ ወገን የሌለው ሰው ሲሞት የሚመጡ የከተማው ሠራተኞች ናቸው። ድምፅ በሌለው መኪና ይመጣሉ፣ ይወስዳሉ፣ የት እንደሚቀብሩ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

«ዘመድ የለውም ልበል?» አለች ትርሲት።

«አንቺ አትዪም። እኔ እላለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ሳሎን ሄዶ ለግድግዳው ነገረው። ግድግዳው ለሁሉም ሰው በሚናገርበት በዚያ ትሑት ድምፁ «ሟቹ ዘመድ አላቸው?» ብሎ ጠየቀ። ገረመው «የላቸውም። ተከራይ ናቸው» ብሎ መለሰ። «እናዝናለን» አለ ግድግዳው። ትርሲት በዚያች ሰዓት ባሏን ጠላችው። ደግሞ ከጓዳ ወጥታ «ልጁ ነኝ» ለማለት እግሯ ስላልተነሳ ከእሱ አብልጣ ራሷን ጠላች። የአባቷን ዓይን ከደነች፣ አገጫቸውን በሻሽ አሰረችና ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ድምፅ ሳያወጡ ማልቀስ በኮርሱ አልተሰጠም።

በር ተንኳኳ።

ጎረቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። በእጃቸው ክዳን ያለው ኩባያ ይዘዋል፤ እንደ ልማዳቸው ግድግዳ ተደግፈዋል።

«ጋሽ ምንዳዬ ሲያስሉ ሰምቼ አላስችል አለኝ። አጥሚት ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይቅር በዪኝ። ከየት ይመጣል ብለሽ ነው?»

«ምነው እትዬ ብርቄ፣ ለራስዎ ሳይኖርዎት!»

«ኧረ ይሁን። ልያቸው?»

«ተኝቷል» አለች ትርሲት። ይሄስ ውሸት አይደለም ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። «እኔ ላጠጣው።»

ኩባያውን ይዛ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋች። ጎረቤት ለበሽተኛ የላከውን መመለስ አይቻልም፤ እህል መድፋትም ነውር ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ኩባያቸውን እየጠበቁ በር ላይ ቆመዋል። ከአባቷ ራስጌ ቆማ አጥሚቱን እሷው ጠጣችው። ቀጭን አልነበረም። ቅቤ ቅቤ አላት። ቅቤ ከሱቅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? አፏን በአንሶላው ጫፍ ጠርጋ ወጣች።

«ጠጡት?»

«ሁሉንም ጠጣ። መረቀዎት።»

«ምን አሉ?»

«ቤትሽ አይጉደል አለ።»

«አሜን» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ኩባያውን ተቀበሉና ግድግዳውን ይዘው ሄዱ።

ሰብሳቢዎቹ የቧንቧ ሠራተኛ መስለው መጡ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሽበት የወረረው ጎልማሳ፣ ሌላው አፉን በጭምብል የሸፈነ ፈርጣማ ሰው። ቃሬዛቸውን እንደ ጀንዲ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘውታል። ገረመው ሬሳውን ቀድሞ ከፍራሹ አውርዶ ወለል ላይ ሊያስተኛው ሞክሮ ነበር፤ ለብቻው ስላቃተውና ትርሲት ስላላገዘችው እንዳለ ቀርቷል።

«እኛ እናነሳለን፣ ተዉት» አለ ሽበታሙ። አንዱ በራስ አንዱ በእግር ሆነው አቶ ምንዳዬን ብድግ ሲያደርጓቸው ፍራሹ ተከትሎ ተንሸራተተ። ከስሩ ያለው ጆንያ አፉ ተከፈተና ስንዴው ሽርርር እያለ እስከ በሩ ድረስ ፈሰሰ።

ገረመው አመድ መሰለ። ሽበታሙ ግን ሬሳውን ቃሬዛው ላይ በቀስታ አሳረፈ፣ ከዚያ ስንዴውን በጫማው ጎን እየሰበሰበ ወደ አልጋው ስር መለሰው። የሚገርም ነገር ያየ ሰው ፊት አልነበረውም።

«አያስደንግጥሽ እህቴ» አለ። «እዚህ ብሎክ ሁሉም እንደዚህ ነው።»

«ሁሉም ማለት?»

«ሁሉም ነዋ። ሦስተኛ ፎቅ ከሶፋው ውስጥ ነው። ስድስተኛ ፎቅ ከሕፃኑ አልጋ ስር። ከጎንሽ ያሉት ሴትዮ ባላቸውን ያነሳነው ከቅቤ ቆርቆሮ መሀል ነው፤ ቦታ ጠቦን በጎን ነው ያወጣናቸው።»

ሁለተኛው ሰውዬ በክርኑ ጎሸመው። ሽበታሙ ዝም አለ። እትዬ ብርቄ ለሰው የሚናገሩት ባላቸው ጠበል እንደ ሄዱ ነው። ትርሲት አሁን ነው ነገሩ የገባት። በዚህ ብሎክ ውስጥ ለቅሶ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው? ሰዎች ጠበል ሄደው ነበር፣ ልጃቸው ጋ ሄደው ነበር፣ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥተው ነበር። «ሲመለሱ» እየተባለላቸው የቀሩ ሰዎች አንድ በአንድ ዓይኗ ላይ መጡ።

«ታዲያ ከማን ነው የምንደብቀው?» አለች ወደ ባሏ ዞራ።

ገረመው ተንበርክኮ ስንዴውን በመዳፉ እየዘገነ ወደ ጆንያው ይመልስ ነበር።

ሰዎቹ ሬሳውን ይዘው በደረጃ ወረዱ። በሊፍት አይወርዱም፤ ሊፍቱ ሬሳንም በስሙ ሰላም ይላል። ትርሲት ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ ተከተለቻቸው። ስምንተኛ ፎቅ ሲደርሱ የአባቷ እግር ከጨርቁ ስር ብቅ ብሎ ታያት። ካልሲያቸው ቀዳዳ ነበረው፤ ልትጥፍላቸው አስባ ነበር። እዚያ ላይ አፍና የያዘችው ሁሉ አመለጣት።

«አባቴን!» ብላ ጮኸች። «ኧረ አባቴን! ኧረ ምንዳዬን! የሰው ጠሪውን፣ ኧረ የሰው ጠሪውን! ኧረ ድረሱልኝ!»

ጩኸቱ በደረጃው ላይ ወርዶ ከምድር ቤት ተመልሶ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው ድስቱን እሳት ላይ ጥሎ፣ አንድ እግሩን ጫማ አድርጎ ሌላውን ሳያደርግ ነበር የሚወጣው፤ አቶ ምንዳዬ በሕይወታቸው ሙሉ ያዩት ይሄንን ነው። ትርሲት ቆማ ጠበቀች። ከአንደኛው ቤት የሚሰማ ዘፈን ተቀነሰ። ከሌላው ቤት የወንበር መንሸራተት መጣ፣ ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ኮቴው በሩ ድረስ ደርሶ ቆመ። ቀጥሎ መቀርቀሪያ ሲገባ ተሰማ። ከታችኛውም ፎቅ፣ ከላይኛውም ፎቅ መቀርቀሪያ ሲገባ ተሰማ።

ገረመው በሩጫ ደረሰባት። «ቀስ በይ፣ ትርሲት! ሰው ይሰማል!»

«ሰምቷል» አለች። «ሁሉም ሰምቷል እኮ።»

እያለቀሰች ወረደች። በየፎቁ በየበሩ ፊት የአባቷን ስም እየጠራች ወረደች። በእያንዳንዱ በር ጀርባ ሰው ቆሞ ይተነፍስ እንደነበር ታውቃለች።

ግቢው በውኃ ታንከር የተሞላ ነው፤ በመሀላቸው ጠባብ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ሽበታሙ ቃሬዛውን እዚያ ላይ አሳርፎ ወገቡን ያዘ፣ ትርሲትን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«እህቴ፣ ዘመድ ነሽ እንዴ?»

«ተከራያችን ናቸው!» አለ ገረመው ከኋላ። «ለረጅም ጊዜ አብረውን ስለኖሩ ነው።»

«እሷን ነው የጠየቅኩት» አለ ሰውየው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ነው። «ዘመድ ካላቸው እኛ አንወስዳቸውም። የእኛ ሥራ ወገን ለሌለው ነው፤ ወገን ያለውን የሚቀብረው ወገኑ ነው። ተከራይ ናቸው ካልሽ አሁኑኑ እጭናለሁ። ዘመዳቸው ነኝ ካልሽ እዚሁ አወርዳለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ብትጠሪን አንመጣም።»

ትርሲት ወደ ላይ አየች። በየመስኮቱ መጋረጃ ተጋርዷል። ማንም አልመጣም፣ ማንም አይመጣም። አባቷን ለብቻዋ አንስታ የትም አታደርሳቸውም። ሙቀቱም እየበረታ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ሰዎቹ ይጭኑላታል፤ እሷም ወደ ስንዴዋ ትመለሳለች።

«ትርሲት» አለ ገረመው፣ እየለመናት።

«ልጁ ነኝ» አለች።

ሰዎቹ አቶ ምንዳዬን ሲሚንቶው ላይ አወረዷቸው፣ ጨርቁን ተዉላት፣ ቃሬዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ። መኪናው ድምፅ ስላልነበረው መሄዱ እንኳን አልተሰማም። ገረመው አንዴ ሬሳውን፣ አንዴ ወደ ላይ እያየ ትንሽ ቆመ። «ቤቱን ሳልቆልፍ ነው የወጣሁት» አለና ወደ ደረጃው ሮጠ።

ትርሲት ከአባቷ ራስጌ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከታንከሩ ጥላ ተርፎ የሚደርሳቸው ትንሽ ነበር፤ ጥላው ሲሸሽ ነጠላዋን ከፍ አድርጋ ያዘችላቸው። ክንዷ ሲዝል በሌላው ትለውጣለች። ማልቀሱም አለቀባት። በየመስኮቱ መጋረጃ በጣት ልክ እየተከፈተ መልሶ ይዘጋል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ማዘንበል ስትጀምር ከደረጃው ስር የአንድ ሰው ኮቴ መጣ።

እትዬ ብርቄ ናቸው፤ መቀመጫ ዱካ ይዘዋል። ግድግዳ አልደገፉም። ዱካቸውን ከትርሲት ጎን አስቀምጠው ቁጭ አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊት ፊታቸውን እያዩ ተናገሩ።

«እኛ ቤትሽ አንመጣም። አንቺም ቤታችን እንዳትመጪ። እዚህ ግን እንቀመጥልሻለን። ተስማማሽ?»

ትርሲት አየቻቸው። ሴትዮዋ ዓይናቸው ደም መስሏል። ለራሳቸው ሰው ያላለቀሱት እንባ ገና እዚያው ነበር።

«ተስማማሁ» አለች።

እትዬ ብርቄ ያኔ ደረታቸውን መቱ። «ወንድሜን!» ብለው የጮኹት ጩኸት ትርሲትን ራሷን አስደነገጣት፤ ለጋሽ ምንዳዬ ብቻ የሚጮህ ጩኸት አልነበረም። መቀርቀሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲከፈቱ ተሰማ። ሰዎች የየራሳቸውን ዱካ፣ የየራሳቸውን ጄሪካን ይዘው ወረዱ፤ እየቆለፉ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እያጠለቁ ወረዱ። ግቢው ሞላ። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች አለቀሱ፣ የስድስተኛ ፎቅ ሴት መሬት ላይ ተንከባለለች። ማንም የሟቹን ስም አጥርቶ አይጠራም፤ «ወንድሜን»፣ «ልጄን»፣ «እናቴን» ነው የሚለው። አቶ ምንዳዬ በአንድ ቀን የስንት ሰው ሬሳ ሆነው ተለቀሰላቸው። ሁለት ሽማግሌዎች ከታንከሩ ጀርባ አንሶላ ዘርግተው አጠቧቸው፣ ገነዟቸው። ትርሲት የገባችውን ቃል የፈጸመች መሰላትና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ ትንሽ አረፈ። ሰው ተጠርቶላቸዋል።

ለቅሶው ጋብ ሲል ሰው ዝም ብሎ ተቀመጠ። በእጁ የሚቀመስ የያዘ የለም። ከገናዦቹ አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን እያደራረቁ መጡና እንደ ድሮው አፋቸው ስቷቸው «ንፍሮው አልቀረበም እንዴ?» አሉ። ወዲያው ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

«ኧረ ከየት ይመጣል!» አሉ እትዬ ብርቄ።

«እውነት ነው፣ ከየት ይመጣል» አለ አንዱ።

«ሰው በሚራብበት ዘመን።»

«ከየት ይመጣል፣ ከየት ይመጣል» እየተባለ ዞረ። አንዷ ሴት ከተቀመጠችበት አዞራት መሰለና ታንከሩን ያዘች። ሌሎቹም ያዙ።

«እኔ ጋ አለ» አለች ትርሲት።

ድምፅዋ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«አባቴ የተኛበት ስንዴ ነው። ሽምብራም አለ። ለሁላችንም ይበቃል። ወጥታችሁ አውርዱት፣ ንፍሮ ይቀቀልለት። በእግዜር፣ አንድ ሰው ወጥቶ ያውርድልኝ።»

ከሕዝቡ መሀል የተንቀሳቀሰ የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ልጅ ያቀፈች እናት የልጇን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች። ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ መስኮት ጓ ብሎ ተዘጋ።

እትዬ ብርቄ የትርሲትን ራስ ወደ ደረታቸው ሳቡ። «አይዞሽ ልጄ» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሀዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ሀዘን ነው» አሉ ሽማግሌው።

«አባት ማጣት ቀላል ነው እንዴ!»

«ያቃዣል። ሀዘን ያቃዣል። ውኃ ስጧት።»

«አይደለም» አለች ትርሲት፣ «እውነቴን ነው፣ እትዬ ብርቄ፣ እርስዎም እኮ...»

«ዝም በይ ልጄ፣ ዝም በይ።»

ከዚያ ሁሉም በአንዴ ብድግ አለ። ቀብሩ እንዳይመሽበት፣ መንገዱ ሩቅ እንደሆነ፣ ሬሳው ቶሎ መነሳት እንዳለበት በአንድ አፍ ይነጋገሩ ጀመር። በእውነትም ድሮ የነበረው ትጋት ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ለመሸከም ተሻሙ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ አቶ ምንዳዬን አነሷቸው። ትርሲት በሴቶቹ መሀል ሆና ተከተለች። እስከ መቃብሩ ድረስ እትዬ ብርቄ ክንዳቸውን ከትከሻዋ ሳያነሱ በነጠላቸው ጫፍ እንባዋን ጠረጉላት። ነጠላው ግን ከዓይኗ ይልቅ አፏ ላይ ነበር የሚቆየው።